ሞተሯ በማን ስም ናት?

ሻይ ሻጭ ነኝ። ሃኖይ ውስጥ፣ ሎንግ ቢየን ድልድይ ሥር፣ ከሉየን ጋራዥ ፊት ለፊት፣ ስድስት የፕላስቲክ በርጩማና አንድ የበረዶ ሳጥን ይዤ ከተቀመጥኩ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። የሉየን ባል የሌሊት ዘበኛ ስለሆነ ቀኑን የሚያሳልፈው ተኝቶ ነው፤ እኔ ግን ከንጋት እስከ ምሽት ፊት ለፊቷ ነኝ። ስለ ሉየን ከኔ የተሻለ አውቃለሁ የሚል ካለ መጥቶ ይሟገተኝ፣ ሻዩን በነጻ እቀዳለታለሁ።

ሉየን ሃምሳ አራት ዓመቷ ነው። አጭር ናት፣ ክንዷ ግን ጎማ ለብቻዋ ያወልቃል። የሞተር ድምፅ ሰምታ "ካንዴላው ነው" ካለች ካንዴላው ነው፣ ስትሳሳት አላየሁም። ከሰው ጋር ግን እንዲህ አይቀናትም። ሰው ሲያወራት መልሷ "እ" ነው፤ በጣም ደስ ካላት "እሺ" ትላለች። ወሬውን ለኔ ትታልኛለች፣ እኔም አላሳፈርኳትም።

የምትተዳደረው አሮጌ ሞተር ገዝታ፣ አድሳ፣ ለፈረንጅ በመሸጥ ነው። ፈረንጆቹ በቱሪስት ቪዛ ይመጡና ከሃኖይ እስከ ሳይጎን በሞተር ካልወረድን ብለው ይነሳሉ። በቱሪስት ቪዛ የገባ ሰው ሞተር በስሙ አይዞርለትም። ግን ማን ስም ጠየቀ? እኛም እርስ በርሳችን ስንሻሻጥ እንደዚያው ነው። ሞተሩ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ሊብሬው አብሮ ያልፋል፣ ሊብሬው ላይ ያለው ስም ግን የመጀመሪያው ባለቤት እንደሆነ ይኖራል። ስም ለማዛወር ሻጩን መፈለግ፣ መለመን፣ አብሮ ወረፋ መቆም አለ። ለዚህ ጊዜ የተረፈው ሰው በሰፈራችን የለም።

ሉየን ሁለት ሕግ ነበራት። አንደኛው፣ ሊብሬው ላይ ያለውን ሰው ካላወቀችው ሞተሩን ሩቅ ለሚሄድ አትሸጥም። ስልኩን ትይዛለች፣ ለአዲስ ዓመታችን ለቴት በዓል ብርቱካንና ሻይ ቅጠል ትልክለታለች፤ አንድ ቀን ፖሊስ "ባለስሙ ይምጣ" ቢል ይመጣላታል። ሁለተኛው ደግሞ በራሷ ስም አንዲትም ሞተር አታስመዘግብም። በሃያ ሦስት ዓመቷ በስሟ ያወጣቻትን ሞተር ታናሽ ወንድሟ ተውሶ ከሠርግ ሲመለስ ሽማግሌ ገጨ። ወንድሟ ወደ ደቡብ ጠፋ። የሽማግሌው ልጆች የመጡት ሊብሬው ላይ ወዳለው ስም፣ ወደሷ በር ነው። የሠርግ ወርቋን ሸጣ ሽማግሌውን አሳከመች፣ ዓመት ሙሉም ምግብ እየቀቀለች ሆስፒታል ተመላለሰች። ከዚያ ወዲህ ይህ ነገር ሲነሳ አንድ ቃል ብቻ ነው ያላት፦ "ስሜ መንገድ አይወጣም።" ይኸው ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሞተር ስትሸጥ የራሷ የምትለው አንድም አልነበራትም።

ይህን ሁሉ ያፈረሰው የኔ አፍ ነው።

ከቴት በኋላ በስድስተኛው ቀን ነበር፣ ሱቅ የሚከፈትበት። የዓመቱን ገበያ የሚከፍተው ሰው እጁ ቀና መሆን አለበት። መጀመሪያ የገባው ሳይከራከር ከገዛ ዓመቱ ይሰምራል፤ ዋጋ ጠይቆ፣ አንገቱን ነቅንቆ ከወጣ ግን ዓመቱን ሙሉ ዝንብ ስታባርር መዋል ነው። ስለዚህ ማንም ዕድሉን ሜዳ ላይ አይጥልም፣ እጀ ቀና ዘመድ ይቀጥራል። ሉየን የቀጠረችው የጥርስ ሐኪሙን ጎረቤታችንን ነበር። በአንድ ሰዓት መጥቶ አንድ የሞተር መስተዋት ሊገዛት ተስማምተው ነበር። ሐኪሙ ግን የበዓሉ መጠጥ አልለቀቀው ኖሮ ተኝቶ ቀረ።

በሱ ፈንታ ቴልማ መጣች። ከፖርቱጋል ናት፣ ሆስፒታል ውስጥ ራጅ የምታነሳ፣ ቀጭንና ረጅም ልጅ። ገና ከመግባቷ ጥግ ላይ የቆመችውን ቀይ ሞተር ጠቆመች። ሉየን ሰማያዊዋን አሳየቻት፣ ነጯን አሳየቻት። የሰማያዊዋም የነጯም ባለስሞች ብርቱካን ተልኮላቸዋል። ቀይዋ ግን ስንት እጅ ዞራ እንደመጣች እግዜር ይወቅ፣ ባለስሟን አይቶት የሚያውቅ የለም።

"ቀይዋ አትሸጥም" አለች ሉየን። ልጅቷ ስልኳ ሲተረጉምላት ፊቷ ጠቆረ። ቦርሳዋን አንስታ ወደ በሩ ሄደች።

እኔ አላስቻለኝም። "አንቺ ሉየን! ምን ነካሽ፣ የዓመት ገበያሽ እኮ እግሩን እያነሳ ነው!" ብዬ ጮህኩ።

ሉየን ልጅቷን አየች፣ በሩን አየች፣ እኔን አየች። "ነይ" አለቻት። በስምንት ሚሊዮን ዶንግ፣ ሦስት መቶ ዶላር ገደማ ነው፣ ቴልማ አንዲት ቃል ሳትከራከር፣ ቀይዋ ተሸጠች። ሉየን ፍሬኗን ሁለቴ አይታ፣ ዘይቷን ቀይራ፣ ስልክ ቁጥሯን በወረቀት ጻፈችላትና ከወትሮዋ ረዘም ያለ ንግግር አደረገች፦ "ከኔ እጅ የወጣች ሞተር መንገድ ላይ ቀርታ አታውቅም። ችግር ካለ ደውይ።"

ልጅቷ የደወለችው በአምስተኛው ቀን ነው። በባሕሩ በኩል ስትወርድ ከናም ዲን ከተማ ዝቅ ብሎ ትራፊክ አስቆማት። መንጃ ፈቃዷ ትክክል ነው፣ ሄልሜቷም ትክክል ነው። ታርጋዋን ማሽኑ ላይ ሲያስገቡት ግን ያልተከፈለ ቅጣት ተዘርግፎ ወጣ፣ ሁሉም በባለስሙ። ፖሊሱ ደግ ሰው ነበር፣ ሻይ ሁሉ ጋብዟታል፤ ሕጉ ግን ሕግ ነው። ባለስሙ ራሱ መታወቂያውን ይዞ ካልመጣ ሞተሯ አትለቀቅም። ቪዛዋ ሊያልቅ የቀረው ሃያ አንድ ቀን ነው፣ አውሮፕላኗ የሚነሳው ከሳይጎን። ሁለት ዓመት ያጠራቀመችው ለዚህ መንገድ ነበር። ስልክ ላይ ስታለቅስ ከማዶ ይሰማኛል።

ሰፈሩ ምክር አላነሰውም። የፎ ሾርባ ሻጯ ጭልፋዋን ይዛ መጥታ "ስልክሽን ዝጊ፣ ሲምሽን ቀይሪ፣ ፈረንጇ ሃኖይ ድረስ ተመልሳ አትፈልግሽ!" አለቻት።

"ቁጥሬን የሰጠኋት እንድትደውል ነው" አለች ሉየን፣ እጇን በነዳጅ ታጥባ።

ሊብሬው ላይ ያለው ስም ዷን ቫን ኪየን ነበር፣ የናም ዲን ገጠር ሰው። በማግስቱ ሁለታችን አውቶቡስ ተሳፈርን። እኔ ሻዬን ለምራቴ ትቼ የሄድኩት አንድም ጥፋቱ የኔ ስለሆነ፣ አንድም ሉየን ሰው ለምና ስለማታውቅ ነው። ሞተር ቢሆን ኖሮ ብቻዋን ትበቃ ነበር።

ጋሽ ኪየን ዳክዬ አርቢ ነው፣ ሰባ ዓመት የሆነው፣ ጥርሱ ሁሉ ያለ ሰው። ግቢው ገብተን የሞተሯን ታርጋ ቁጥር ስጠራ የያዘውን የእህል ባልዲ መሬት ላይ አስቀመጠ።

"ሞ! ነይ ውጪ! መጡልሽ!" ብሎ ሚስቱን ጠራ።

እትዬ ሞ የብስኩት ቆርቆሮ አቅፋ ወጣች። ውስጡ የቅጣት ደብዳቤ ብቻ ነው። ጋሽ ኪየን አንድ በአንድ እያነሳ ፊታችን ይዘረጋው ጀመር። "ይኼ ሁዌ ከተማ ነው፣ ቀይ መብራት ጥሼ። ይኼ ዳ ናንግ፣ በፍጥነት። ይኼ ደግሞ ተራራ ላይ፣ ሦስት ሆነን! እኔ በሕይወቴ ከዚህ አውራጃ የወጣሁት ለውትድርና ብቻ ነው። ሞተሯን የሸጥኳት ከአሥራ ስድስት ዓመት በፊት ነው፣ ለአጎቴ ልጅ፣ እሱም ለሌላ። ስሜ ግን አገሩን ሁሉ ሲዞር ይኖራል! ጎረቤት 'ጋሽ ኪየን፣ ባሕሩ እንዴት ነበር?' እያለ ይስቅብኛል።"

"ይቺንስ ለምን አታሳያቸውም?" አለች እትዬ ሞ። ደብዳቤው ላይ የመንገድ ካሜራ ያነሳው ፎቶ አለ፦ ሞተሯ፣ የነጂው ጀርባ፣ ከኋላው ደግሞ እስከ ወገቧ የወረደ ብጫ ጠጉር ያላት ሴት ወገቡን አቅፋ። "ሁለት ወር አላናገርኩትም" አለችኝ ወደኔ ጠጋ ብላ። "ያን ሰሞን ዳክዬ ልሸጥ ብሎ ሦስት ቀን ጠፍቶ ነበራ!"

"ዳክዬ ነው የሸጥኩት አልኩሽ!"

ሳቄን ለመያዝ ጉንጬን ነከስኩ። ከዚያ ልመናዬን ጀመርኩ። ስለ ልጅቷ እንባ፣ ስለ ሁለት ዓመት ልፋቷ፣ እንግዳ ስለመሆኗ፣ ያልጠራሁት ነገር የለም። ቅጣቱን ሁሉ ሉየን ትከፍላለች አልኩት። ጋሽ ኪየን እስክጨርስ ሰማኝና አንገቱን ነቀነቀ።

"ዛሬ ሄጄ ባስፈታት ነገ ሌላ ደብዳቤ ይመጣል። እመጣለሁ፣ ግን ስሜ ከላይዋ ይነሳልኝ።"

"ይነሳል" አልኩ እኔ ፈጥኜ።

"በማን ይተካል? ልጅቷ በቱሪስት ቪዛ ነው አልሽኝ፣ በሷ አይሆንም። በአንቺ ነው?" አለኝ። እኔ ዳክዬዎቹን አየሁ። ከዚያ ወደ ሉየን ዞረ። "ሻጯ አንቺ ነሽ፣ ገንዘቡን የተቀበልሽው አንቺ ነሽ። በስምሽ አድርጊያትና አሁኑኑ ልብሴን እቀይራለሁ። እምቢ ካልሽ ደህና ግቡ።"

ሉየን ሠላሳ አንድ ዓመት ወደኋላ ምን እንደምታይ አውቃለሁ፤ የሽማግሌውን ልጆች በሯ ላይ ቆመው ነው የምታየው። ክንዷን ይዤ "ተዪው፣ እንሂድ፣ ለልጅቷ ገንዘቧን መልሺላትና ይብቃ" አልኳት። ከልቤ ነው ያልኩት። እንደዚያ ቀን ለሰው ፈርቼ አላውቅም።

ሉየን ክንዷን ቀስ ብላ ከእጄ አወጣች። "ጋሼ፣ ለሰው የሸጥኩት ዕቃ ኃላፊነቱ የኔ ነው ብዬ ነው ስልኬን የሰጠሁት" አለችው። "ልብስዎን ይቀይሩ።"

ጋሽ ኪየን ኮት ለብሶ፣ ጠጉሩን በውኃ አስተኝቶ ወጣ። እትዬ ሞም ተከተለችን፣ ፈረንጇን በዓይኗ ማየት ነበረባት። ፖሊስ ጣቢያ ደርሰን ቴልማ ስትነሳ እትዬ ሞ ከላይ እስከ ታች አየቻትና "ጠጉሯ ጥቁር ነው እኮ" አለች፣ እንደተታለለች ሁሉ። ወጣቱ ፖሊስ "ጋሼ፣ ሞተሯ የእርስዎ ናት?" ሲል ጋሽ ኪየን "ስትቀጣ የኔ ናት" አለው። ጣቢያው በሙሉ ሳቀ። ቅጣቱ ተከፈለ፣ የሽያጭ ውሉ ተፈረመ፣ ሞተሯ በጭነት መኪና ሃኖይ ገባች። ስሙን ለማዛወር አራት ቀን ፈጀ። አራቱንም ቀን ቴልማ ሉየን ቤት ፎቅ ላይ አደረች፣ ቀን ቀን ደግሞ ከጎኗ ቁጢጥ ብላ ሰንሰለት ማጥበቅና ካንዴላ መጥረግ ተማረች።

አዲሱ ሊብሬ የወጣ ቀን ሉየን ልጅቷን በርጩማዬ ላይ አስቀመጠቻት። እንዲተረጉምላቸው ስልኳን በመሀላቸው አድርጋ ሊብሬው ላይ ያለውን ስሟን በጣቷ አሳየቻት። "ይኼ እኔ ነኝ። አንቺ ሰው ብትገጪ በሩ የሚንኳኳው የኔ ነው። አንድ ጊዜ ተንኳኩቶብኛል።" የሽማግሌውንም የወርቁንም ነገር ነገረቻት። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ያን ያህል ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። ቴልማ ሊብሬውን በሁለት እጇ ተቀበለችና ደረት ኪሷ ከተተችው። አልተሳሳሙም፣ አላለቀሱም። ሉየን ጎማዋን ረገጥ አድርጋ ነፋሱን አየችና "ሂጂ" አለቻት።

ከዚያ በኋላ ያለውን አሥራ አምስት ቀን እኔን ጠይቁኝ። ሉየን ስልኳ በጮኸ ቁጥር መፍቻው ከእጇ ይወድቃል። አንድ ቀን ሁለት የማናውቃቸው ሰዎች በሯ ላይ ቆመው ስታይ ወደ ጓዳ ገባች፤ ጎማ ሊያስለጥፉ ነው የመጡት። ልጅቷ በየምሽቱ ፎቶ ትልካለች፣ ሞተሯ ባሕር ዳር፣ ሞተሯ ሩዝ ማሳ አጠገብ። ሉየን የምትመልሰው አንድ ነገር ነው፦ "ዘይት ቀይሪ።"

ቪዛዋ የሚያልቅበት ቀን ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ቴልማ ከሳይጎን ደወለች፣ በምስል። አውሮፕላኗ ማታ ነው። ገዢ አግኝታለች፣ እንደሷው በቱሪስት ቪዛ የመጣ ልጅ፣ ጥሩ ዋጋ የሚከፍል። "ስሙ ያንቺ ስለሆነ ልጠይቅሽ ብዬ ነው። ልሽጥለት?" አለች።

ከዚህ በፊት እንዲህ ብሎ የጠየቀ የለም። ሁሉም ሳይጎን ደርሶ ለቀጣዩ ይሸጥና ይበርራል።

"አሳዪኝ" አለች ሉየን። ስልኩ ዞረ። ልጁ በነጠላ ጫማ ነው፣ በዚያ ጠዋት የቢራ ቆርቆሮ ይዟል፣ ሄልሜቱን ክርኑ ላይ አንጠልጥሎታል። ለሉየን እጁን አውለበለበላት። ልጁ ክፉ አይመስልም፣ ሳቂታ ነው። የሉየን ወንድምም ሳቂታ ነበር፣ ፎቶውን አይቻለሁ።

"አትሸጥም" አለች።

"ሌላ ገዢ የለኝም እኮ። ማታ እሄዳለሁ።"

"አውቃለሁ። አትሸጥም።"

መስመሩ ተቋረጠ።

"በቃ ትሸጣታለች" አልኩ። ምን ልበል? "አንቺ ምኗ ነሽ? ማታ አገሯ ናት። ገንዘቡን ትቀበልና ትበርራለች፣ ደብዳቤውን አንቺ ትቀበያለሽ። እኔ ብሆንም እሸጣታለሁ!" ሉየን ሰምታኛለች። ፊቷን አዙራ አንድ የጠበቀ ብሎን መፍታት ጀመረች፤ ፈታችው፣ መልሳ አጠበቀችው፣ እንደገና ፈታችው። ምሳ አልበላችም። ፎ ሻጯ ሳህን ይዛ መጥታ እንደያዘች ተመለሰች። እኔ በራሴ አፍ ተናደድኩ፣ ሱቅ በተከፈተበት ጠዋት ዝም ብል ኖሮ ምን ነበረበት?

አሥር ሰዓት ላይ ስልኳ ጮኸ። መልእክት ነው። ሉየን መነጽሯን ስታጣ እኔ ተቀበልኳት። ፎቶው ላይ የባቡር ጭነት ደረሰኝ አለ። ከኋላው ሞተሯ ነዳጇ ተንጠፍጥፎ፣ በካርቶንና በገመድ ታስራ ሚዛን ላይ ቆማለች። ከሥሩ ቴልማ የጻፈችው፦ "ወዳንቺ ልኬያታለሁ። ሊብሬው ለብቻ በፖስታ ይመጣል።"

ሁለቴ አነበብኩላት። ሉየን መሬቱ ላይ፣ ዘይቱ መሀል ቁጭ አለችና አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፣ ለምን እደብቃለሁ። ከዚያ ተነሥታ እጇን ታጠበችና ስምንቱን ሚሊዮን፣ ሳትቀንስ፣ ለልጅቷ እንድልክላት ሰጠችኝ።

ሞተሯ በአምስተኛው ቀን ደረሰች። ልንቀበላት ጣቢያው ጭነት ክፍል ስንሄድ ሠራተኛው ልጅ በፖስታ የደረሰንን ሊብሬ ይዞ ሉየንን አየ፣ ዘይት የነካው ሸሚዟን አየና "እትዬ፣ እርስዎ መካኒኳ ነዎት? ባለቤቷ ራሷ መምጣት አለባት" አላት።

"ባለቤቷ እኔ ነኝ" አለች ሉየን፣ ወረፋው ሁሉ እስኪዞር ጮክ ብላ። መታወቂያዋን ሳይጠይቃት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

ነዳጅ ከጣቢያው በር ላይ ገዛን። እኔን ከኋላ አስቀመጠችኝ። ወደ ሰፈር የሚወስደው መንገድ አጭር ነው፤ እሷ ግን በወንዙ ዳር ባለው ረጅሙ መንገድ ዞረች፣ እኔም እንዳታሳጥረው ዝም አልኩ።